እያሳሳቀ እንዳይወስደን

ነቀምቴም ያደገ፣ ጊምቢም ያደገ፣ ነጆም ሆነ ደምቢ ዶሎ ያደገ የወለጋ ሰው ስለ ውሃ የተማረው ትምህርት አንድ ነው፦ አፍልተህ ጠጣ፣ ጀሪካኑን እጠብ፣ ከድነህ አስቀምጥ። በኋላ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ውሃ አጋር የሚባለው ክሎሪን እንዴት እንደሚጨመር አሳዩን። ትምህርቱ ቀላል ቢመስልም የስንቱን ሕፃን ነፍስ አትርፏል። ምንጩን ከከብት ያጠሩት፣ በጋ በመጣ ቁጥር በደቦ የጠረጉት፣ ቧንቧ ሊገባ ነው ሲባል ከደመወዛቸውና ከቡና ሽያጫቸው ያዋጡት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። ከተቅማጥና ከታይፎይድ ጋር በጥቂት መሣሪያ ታግለው ብዙ አሸንፈዋል።

ለእኛ የደረሰን ትግል ግን ሌላ ነው። አርሴኒክ፣ እርሳስ፣ ፍሎራይድ ወይም ናይትሬት ያለበትን ውሃ ብታፈላው ውሃው እየተነነ ይቀንሳል እንጂ መርዙ ንቅንቅ አይልም፤ እንዲያውም በቀረው ውሃ ላይ ይጠነክራል። ክሎሪንም አያጠፋውም። አይሸትም፣ አይደፈርስም፣ ማታ ጠጥተኸው ጠዋት ሆድህን አይቆርጥህም። ዓመታት ቆይቶ በአጥንት፣ በኩላሊት፣ በፅንስ ላይ ይወጣል። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ስለ ወንዝ ሙላት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ላለው ውሃ ግን ይበልጥ ይስማማዋል።

የነቀምቴ ውሃ ተመርዟል እያልኩ አይደለም። እንዲያ ብሎ ሰው ማስደንገጥ ነውር ነው፤ ባለሥልጣን ለማስቆጣት ካልሆነ በቀር የሚጠቅመው የለም። ጥያቄዬ ከዚያ ያነሰና ከዚያ የከበደ ነው። በየወሩ የውሃ ቢል ከምንከፍለው መካከል የምንጠጣውን ውሃ የኬሚካል ምርመራ ውጤት በወረቀት ላይ ያየ ማን ነው? ቆጣሪ አንባቢው ስንት ሜትር ኩብ እንደተጠቀምን ሳያዛንፍ ይነግረናል። በዚያ ሜትር ኩብ ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግረን ሰው ግን በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም፤ እኛም ጠርተነው አናውቅም።

ይህን አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ወለጋ ለወርቅ አዲስ አይደለችም፤ የነጆና የአካባቢው ወርቅ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም የውጭ ሰው ያስመጣ ነበር፣ ዩብዶም በፕላቲነሟ ከታወቀች መቶ ዓመት ገደማ ሆኗታል። አሁን የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር፣ የዓለም የወርቅ ዋጋም እየናረ ሲሄድ፣ አካፋና ዶማ የያዘ ወጣት ሁሉ ወደ ወንዝ ወረደ። በምዕራብ ወለጋ የቱሉ ካፒ የማዕድን ስምምነት ከተፈረመ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ትልቅ የወርቅ ማምረቻ ሊከፈት ሲዘጋጅ ቆይቷል፤ በጎረቤታችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝም የኩርሙክ ወርቅ ማውጫ አለ። እንደነዚህ ያሉ ፋብሪካዎች ወርቁን ከተፈጨው ድንጋይ የሚለዩት በሲያናይድ ነው። ሲያናይድ በጥንቃቄ ከተያዘ ፀሐይና አየር ሊያከሽፉት የሚችሉት ነገር ነው፤ ካመለጠ ግን ከብትም ሰውም ይገድላል። የምዕራብ ወለጋ ወንዞች ከፊሎቹ በዲዴሳና በዳቡስ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ በብርብር በኩል ወደ ባሮ ይወርዳሉ። ላይኛው ቀበሌ ያደረገውን ታችኛው ቀበሌ ይጠጣዋል።

የባህላዊ አምራቹ ሥራ ደግሞ በዓይን የሚታይ ነው። የኢትዮጵያ ወርቅ አጣቢዎች ለረጅም ዘመን ውሃና የእንጨት ገበቴ ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ግን ሜርኩሪ ገባ። አሸዋው ታጥቦ ታጥቦ ታች የቀረው ጥቁር ደቃቅ ላይ ሜርኩሪው ጠብ ይደረግና በእጅ ይታሻል፤ ብናኙን ወርቅ ሁሉ ለቅሞ ይይዘዋል። ከዚያ በጨርቅ ይጨመቅና ብርማ ድብልብል ይሆናል። ያ ድብልብል እሳት ላይ ይደረጋል፤ ሜርኩሪው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። እንፋሎቱን የሚተነፍሰው አምራቹ ብቻ አይደለም፤ እሳቱ ወጥ የሚሠራበት ምድጃ ከሆነ ሚስቱም ያዘለችው ሕፃንም ይስቡታል። የተረፈው ከጨርቁ ጋር ጅረት ውስጥ ይታጠባል። በደለሉ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ወደ ባሰ መርዝ ይለውጡትና ዓሣ ውስጥ ይከማቻል። ይህን የሚሠራው ልጅ ክፉ አይደለም። ሥራ ያጣ የእኛው ልጅ ነው፤ ምን እንደያዘ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረውም።

ጣታችንን ወደ ወርቅ ብቻ እንዳንቀስር ደግሞ ደጃችንን እንይ። ገበሬው በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ከማሳው በታች ባለው ጅረት ያጥባል። ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያ የነበረበት ባዶ ዕቃ ጥሩ ክዳን ስላለው ብቻ የውሃ መያዣ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል። አዴ ሆይ፣ ያንን ዕቃ ሰባት ጊዜ በአመድ ቢፈትጉት ፕላስቲኩ የጠጣው አይወጣም፤ ቀድዶ ለውሃ እንዳይውል ማድረግ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ላቫጆው ከነግራሶው ወደ ቦይ ይለቃል፣ ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ይደፋል፣ የጓሮ መጸዳጃ ጉድጓድ ከጓሮ የውሃ ጉድጓድ በጥቂት እርምጃ ርቀት ይቆፈራል። ድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃዋ በናይትሬት የተበላሸው ከተማዋ እንዲህ በመጸዳጃ ጉድጓድ ላይ ስላደገች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የሚፈቅደው ናይትሬት 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጎዳው በዚያ ውሃ የተበጠበጠ የጣሳ ወተት የሚጠጣ ሕፃን ነው።

አገራችን ከዚህ በፊት በዚህ ጉዳይ ሁለት ውድ ትምህርት ተምራለች። አንዱ ወንጂ ነው።

የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር ለሠራተኞች መንደሮች ጉድጓድ ተቆፈረ። ውሃው ኩልል ያለ ነበር። ያ ውሃ ግን የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው፤ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የተፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን የብዙዎቹ ጉድጓዶች ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር። እዚያ የተወለዱ ልጆች ቋሚ ጥርሳቸው ሲበቅል ቡናማ ሆኖ በቀለ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ አባቶች ወገባቸው ደርቆ፣ አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው፣ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ሐኪሞች ነገሩን ሲለዩት ሰው ለዓመታት ጠጥቶት ነበር።  ውሃው በጊዜ አልተለካም፣ ከተለካ በኋላም መፍትሔው ዘገየ። አባት ጠጣው፣ ልጅ በጥርሱ ተሸከመው።

ሁለተኛው ለገደንቢ ነው። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ያለው ይህ የወርቅ ማውጫ በሃያ ዓመት ፈቃድ ወደ ሚድሮክ ኩባንያ ዞረ። ሃያ ዓመቱ ሲያልቅ በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለአሥር ዓመት መታደሱ ሲሰማ የአካባቢው ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ፦ ልጆቻችን አካለ ስንኩል ሆነው እየተወለዱ ነው፣ ፅንስ እየጨነገፈ ነው፣ ከብት እየሞተ ነው አለ። የማዕድን ሚኒስቴር በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱን አገደ። ጥናት ተደረገ። በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ጀመረ። ሂውማን ራይትስ ዋች በየካቲት 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የጥናቶቹ ውጤት ለሕዝብ ይፋ አለመደረጉን፣ ችግሩ መወገዱ ሳይረጋገጥም ሥራው እንዲቀጥል መፈቀዱን ገልጿል።

ከለገደንቢ ላይ እኔ የምወስደው ነገር አንድ ነው። የሻኪሶ እናት የልጇን ጉዳት በዓይኗ ታያለች፤ ክርክሩ ሲመጣ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ይህ አርሴኒክ ከማውጫው ነው ወይስ ድሮም ከድንጋዩ ውስጥ ነበር? ጥያቄው በባዶ ሜዳ የተፈጠረ አይደለም። ወርቅ ያለበት ድንጋይ ብዙ ጊዜ አርሴኒክ ይዞ ይገኛል። የእኛው የዩብዶ ድንጋይ በተፈጥሮው ኒኬልና ክሮሚየም አለበት። እንግዲህ ነገ በብርብር ውሃ ውስጥ ኒኬል ተገኘ ቢባል፣ ዛሬ ስንት እንደነበረ የተጻፈ ነገር ከሌለን፣ ኩባንያውም «ድሮም ነበር» ይላል፣ እኛም «አልነበረም» እንላለን፣ ዳኛውም ፋይሉን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የዛሬው ውሃ ቢመዘገብ ለኩባንያም ይጠቅማል፤ ንጹሕ ሆኖ የሚሠራ ኩባንያ ንጹሕነቱን በምን ያስረዳ?

ስለዚህ ጥሪዬ ይህ ነው፦ የወለጋን ውሃ ዛሬ፣ ገና ደህና ሳለ፣ እንመዝግብ። ምንጩን፣ ጅረቱን፣ ጉድጓዱን፣ ቦኖውን።

አደራረጉን በአጭሩ ልበል፤ ምትሃት የለበትም። የብረት ምርመራ የሚደረግለት ውሃ የሚቀዳው ቤተ ሙከራ አጽድቶ በሰጠው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ የለስላሳ ኮዳ አይሆንም። ከቦኖ ከሆነ ቧንቧው ጥቂት ደቂቃ ይፈስሳል፤ የቤት ቧንቧ እርሳስ ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ ከተፈለገ ግን በተቃራኒው ጠዋት ማንም ሳይነካው የመጀመሪያው ይቀዳል። ጥቂት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለዚያ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ማሽኑ ውሃው ንጹሕ ነው ብሎ ይዋሻል። አሲዱን የሚጨምረው የሠለጠነ ሰው ነው፣ ልጆች እንዳትነኩት። ከዚያ ጽሑፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የቀዳው ሰው ስም፣ ዝናብ ዘንቦ እንደነበር። ሁለት ጠርሙስ ይቀዳል፤ አንዱ ይመረመራል፣ አንዱ ታሽጎ ይቀመጣል። ክርክር ቢነሳ የሚያሸንፈው የታሸገው ነው። አንድ ጊዜ ቀድቶ መተውም ዋጋ የለውም። ጥር ላይ ውሃው ሲቀንስ አንድ፣ ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ማሳውን አጥቦ ሲወርድ ሌላ፤ ሁለቱ ፍጹም የተለያየ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ።

ይህን ለመጀመር ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን ሁሲክ ፎልስ የምትባል፣ ሕዝቧ ከአራት ሺህ የማይበልጥ መንደር አለች። ፋብሪካ ውስጥ የሠራ አባቱ በኩላሊት ካንሰር የሞተበት አንድ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2014 የመንደሩ አስተዳደር ውሃውን አልመረምርም ሲለው ከገዛ ቤቱ ቧንቧ ቀድቶ በራሱ ገንዘብ አስመረመረ። የማይጣበቅ መጥበሻ ለመሥራት ይውል የነበረው ኬሚካል ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት መገባደጃ የአሜሪካ መንግሥት ለመንደሩ ሰው ይህን ውሃ አትጠጡ አለ። ሰውየው ኬሚስት አልነበረም፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር።

እናንተ ልጆች፣ የሁለተኛ ደረጃና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የዚህ ሥራ እግር እናንተ ናችሁ። ስልካችሁ ቦታውን በትክክል ይመዘግባል፤ ያንን ለአንድ ቁም ነገር አውሉት። የኬሚስትሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚፈልግ ተማሪ ከኢንተርኔት ርዕስ ከሚገለብጥ እናቱ የምትቀዳበትን ምንጭ ይመርምር፤ መምህሩም ውጤቱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሳይጠጣ ለቀበሌው በሚገባ ቋንቋ ተጽፎ እንዲሄድ ያስገድድ። በየጥናቱ መደምደሚያ ላይ «ለሚመለከተው አካል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የሚመለከተው አካል እኮ ጠጪው ነው።

እናንተ አባቶችና እናቶች ደግሞ ማሽን የማያውቀውን ታውቃላችሁ። ይህ ምንጭ በየትኛው ዓመት ደርቆ ነበር፣ የትኛው ጅረት ዓሣ ነበረው አሁን የለውም፣ ከብት የማይጠጣው ውሃ የቱ ነው? ኦቦ እገሌ ሲያርፉ ይህ ሁሉ አብሮ ይቀበራል። ልጆቹን ምንጭ ለምንጭ ይዛችሁ ዙሩ፣ ንገሯቸው፣ ይጻፉት። ውሃ የምትቀዳ ሴት በሽታው ከመታወቁ በፊት ለውጡን ታያለች፤ የውሃ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር አታስቀምጧት።

መካከል ላይ ያለነው፣ አርባውንና ሃምሳውን የያዝነው፣ ዕዳችን ይበልጣል። ከወላጆቻችን ንጹሕ ምንጭ ተረክበናል፤ ቢሮውም፣ ሱቁም፣ ጋራዡም፣ የመድኃኒት መሸጫውም በእኛ እጅ ነው። ቱ ፎር ዲ የምንሸጠው ለገዢው ባዶውን ዕቃ ምን እንደሚያደርገው መንገር የማን ሥራ ነው? ላቫጆ ስንከፍት የዘይት መያዣ ጉድጓድ ለመሥራት የምንቆጥበው ብር ስንት ነው? በመስከረም እርጥብ ሣር ይዘን ለኢሬቻ መልካ የምንወርደውም፣ በጥር ታቦት አጅበን ውሃ ዳር የምናድረውም፣ መካነ ኢየሱስ ልጅ የምናስጠምቀውም፣ ሁላችንም የምንቆመው በአንድ ውሃ ፊት ነው። ሽማግሌና ቄስ፣ ቃዲና ቃሉ በአንድ ጉዳይ በአንድ ቀን ቢናገሩ ወርቅ አጣቢው ልጅ ከማንም ባለሥልጣን ይልቅ ይሰማቸዋል።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምትኖሩ የወለጋ ልጆች፣ ይህ ታሪክ ከቤታችሁ ሩቅ አይደለም። ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ ያሉ ከተሞች ውሃ በ3ኤም ኩባንያ ኬሚካል መበከሉ ታውቆ፣ የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ከሶ በ2018 በ850 ሚሊዮን ዶላር ታርቋል። ለእንዲህ ያለ ክርክር በየጉድጓዱ የተመዘገበ ቁጥር ያስፈልጋል። ለሠርግና ለለቅሶ የምትልኩት ይቀጥል፤ ከዚያ ላይ ለአንድ ወረዳ ምርመራ የሚሆን ጨምሩበት። ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠሩም አላችሁ፤ እናንተን ገንዘብ አልጠይቅም፣ ክረምት ስትመጡ ሁለት ሳምንት ተማሪ አሠልጥኑ።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥትም የዜጋም ነው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳት ደርሶብኛል ማለት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ፈቅዷል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ተሞክሮም ያውቃል፦ አንድ የአገር ውስጥ የመብት ድርጅት በአቃቂ ወንዝ ብክለት ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ነበር፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ተስፋ አስቆራጭ ነው፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ጊዜ የሚሄደው ሰው ታሽጎ የተቀመጠ ጠርሙስና ቀን ያለው ደብተር ይዞ ይሂድ።

ያለፉት ዓመታት ግጭት ይህን ሥራ እንዳከበደው አልሸሽግም። መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክ የጠፋበት፣ ተቆጣጣሪ መሄድ ያልቻለበት ወረዳ ብዙ ነው፤ ተፈናቅሎ ከማያውቀው ምንጭ የሚጠጣውም ብዙ ነው። እንደዚህ ያለ ጊዜ ደግሞ ለሜርኩሪ ይመቸዋል። ጠርሙስ ይዞ ጅረት ዳር የሚታይ ተማሪ የማንም ወገን ሰላይ ተደርጎ እንዳይቆጠር የአገር ሽማግሌዎች ቀድመው ይናገሩለት። የሚቻልበት ቀበሌ ይጀምር፣ የማይቻልበት ይጠብቅ፤ ሰው ለናሙና ብሎ ሕይወቱን አይስጥ።

መመዝገብ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ውሃ በአንድ ቀን ሊበላሽ ይችላል። የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በዛምቢያ ቻምቢሺ ላይ የአንድ የመዳብ ማምረቻ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ አሲድ ያለበት ፍሳሽ ወደ ካፉዌ ወንዝ ገባ። ኪትዌ የምትባለው ከተማ፣ ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላት፣ የቧንቧ ውሃዋ ተቋረጠ። ነቀምቴ ከዚያ በብዙ ታንሳለች፤ ሁለተኛ የውሃ ምንጭ ፈልጎ ማዘጋጀትም የከተማው አስተዳደር የቤት ሥራ ውስጥ ይግባ።

ለነቀምቴና ለሌሎቹ ከተሞች የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ደግሞ ጥያቄያችን ይህ ነው። የጥርና የግንቦቱ ናሙና ተመርምሮ፣ ለመስቀልና ለኢሬቻ ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ውጤቱ በየቦኖው ተለጥፎ፣ በቢሉም ጀርባ ታትሞ ይገኝ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የተፈቀደው መጠን ይቀመጥ፤ ያለፈ ካለ በቀይ ይጻፍ። ያልተለካውም ከሠንጠረዡ አይሰረዝ፤ ከስሙ ጎን «አልተለካም» ተብሎ፣ መቼ እንደሚለካም ወሩ ይጻፍበት።